ስለ ወንጌላዊው ቅዱስ ማርቆስና ወደ ተጉለት ስለ ደረሰው መንበሩ

ሐዋርያ ከዚህ ዓለም ሲለይ ሁለት ርስት ትቶ ያልፋል። አንደኛው ዐፅሙ ነው፤ ሁለተኛው አንብሮተ እዱ ነው። ዐፅምን ነጋዴ ሰርቆ በመርከብ ሊጭነው፥ ንጉሥም በወርቅ ሣጥን ሊያኖረው ይችላል። አንብሮተ እድ ግን ከሕያው ወደ ሕያው ካልተላለፈ በቀር በገንዘብም በጦርም አይገኝም። ስለ ወንጌላዊው ስለ ቅዱስ ማርቆስ ዛሬ ለመጻፍ ያነሣሣን ይህ ሁለተኛው ርስት ነው፤ አገራችን ከወንጌላዊው የተቀበለችው እርሱን ነውና። ለጥንቱና ለውጭው አገር ታሪክ የአውሮፓን ቍጥር፥ ለአገራችን ነገር ግን የራሳችንን ዓመተ ምሕረት እንጠቀማለን።

ሰላ ድንጋይ ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን፥ በተጉለት ደጋ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የንጉሡ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ ነበረች፤ ሚሲዮናዊው ክራፕፍም በ1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ በዚያ ማለፉን ጽፏል። ኋላም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከግብጽ የመጡት ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ተቀመጡባት፤ በቅዱስ ማርቆስም ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩባት። በሸዋ ምድር የእመቤታችንና የመላእክት፥ የጊዮርጊስና የተክለ ሃይማኖት ታቦት በየኰረብታው ሲገኝ የማርቆስ ታቦት እንደ እነርሱ የበዛ አይደለም። ስለዚህ አንድ መንገደኛ በሰላ ድንጋይ ሲያልፍ «ማርቆስና ተጉለት በምን ተገናኙ» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱ ግን ከተጉለት ሳይሆን ከኢየሩሳሌም ይጀምራል።

ማርቆስ የተወለደው በሰሜን አፍሪካ፥ ከአምስቱ አህጉር አንዷ በሆነችው በቀሬና ነው ብለው የእስክንድርያ አባቶች ይተርካሉ። ወገኑ ከአይሁድ ነው። ስሙም ሁለት ነው፤ ዮሐንስ በዕብራይስጥ፥ ማርቆስ በሮማይስጥ። እናቱ ማርያም በኢየሩሳሌም ቤት ነበራት፤ ቅዱስ ጴጥሮስ ከወኅኒ በመልአክ በወጣባት ሌሊት ደጅ የመታው በዚህ ቤት እንደ ነበረ የሐዋርያት ሥራ ይመሰክራል። አባቶች ደግሞ ጌታ ምሥጢረ ቍርባንን የመሠረተበት፥ መንፈስ ቅዱስም የወረደበት ሰገነት ይኸው ቤት ነው ይላሉ። እንግዲህ የማርቆስ ቤት ቤተ ክርስቲያን የተወለደችበት ቤት ነው።

ነገር ግን በእንዲህ ያለ ቤት ያደገው ልጅ ገና ከጅምሩ ጽኑዕ አልነበረም። ጌታ በተያዘባት ሌሊት ነጠላውን ጥሎ ራቁቱን የሸሸው ጐበዝ ማርቆስ ራሱ ነው የሚሉ መተርጕማን ብዙዎች ናቸው፤ ታሪኩን ከወንጌላውያን የጻፈው እርሱ ብቻ ነውና። ከዚህም በኋላ ከአጎቱ ልጅ ከበርናባስና ከቅዱስ ጳውሎስ ጋር ለስብከት ወደ ቆጵሮስ ሄደ፤ ጵንፍልያ በደረሱ ጊዜ ግን ትቶአቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ጳውሎስም ይህን አልረሳውም። በሁለተኛው ጕዞ በርናባስ ማርቆስን ይዘነው እንሂድ ባለ ጊዜ ጳውሎስ እንቢ አለ፤ በዚህም ምክንያት ሁለቱ ታላላቅ ሐዋርያት ተለያዩ። በርናባስ ግን ማርቆስን አልጣለውም፤ ይዞት ወደ ቆጵሮስ ተሻገረ።

አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ነገር ፍጻሜ ተመልከት። ያው ጳውሎስ በሮም በእስር ሳለ፥ የመሞቻው ጊዜ በቀረበ ሰዓት፥ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፥ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና የሚል ቃል አስገብቷል። ቅዱስ ጴጥሮስም በመልእክቱ ልጄ ብሎ ይጠራዋል። ከጐዳናው የተመለሰው ወጣት ለሁለቱ የሐዋርያት አለቆች የታመነ ልጅ ሆነ። ይህ የሆነው ማርቆስ ስለ ተጸጸተ ብቻ አይደለም፤ በርናባስ ስለ ታገሠውም ነው። አንድ ሰው እስኪበቃ ድረስ የሚታገሠው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ማርቆስም ይህን ትምህርት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ሕይወት ተማረው።

ወንጌሉን በሚመለከት፥ ጥንታዊው ጸሐፊ ፓፒያስ ማርቆስ የጴጥሮስ አስተርጓሚ ሆኖ ከእርሱ የሰማውን ጻፈ ማለቱን የቂሣርያው አውሳብዮስ በታሪኩ አቆይቶልናል። ወንጌሉ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ከአራቱም ያነሰ ነው። አነጋገሩ ፈጣን ነው፤ ነገርን አያስረዝምም። በበረሓ በሚጮኽ ድምፅ ስለሚጀምር አባቶች ከአራቱ እንስሳ ገጸ አንበሳን ለእርሱ ሰጡት። ሸሽቶ የነበረው ጐበዝ በአንበሳ ተመሰለ።

ከዚህ በኋላ ነገራችን ወደ እስክንድርያ ይሻገራል። ማርቆስ ወደዚያች ታላቅ ከተማ ሲገባ የጫማው ማሰሪያ ተበጠሰ፤ ይሰፋለትም ዘንድ አንያኖስ ለሚባል ጫማ ሰፊ ሰጠው። ሰፊውም ሲሠራ ወስፌው እጁን ወጋው፤ በሕመሙም ጊዜ «አንድ አምላክ» ብሎ ጮኸ። ማርቆስ ይህን በሰማ ጊዜ በምራቁ ጭቃ ለውሶ ቍስሉን ቀባለትና ዳነ። ከዚያም የጠራኸውን አንዱን አምላክ ታውቀዋለህን ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው በስሙ እንጂ በእውቀት አላውቀውም ባለ ጊዜ ወደ ቤቱ ገብቶ አስተማረው፤ እርሱንና ቤተ ሰቡን አጠመቃቸው።

እስከዚህ ያለውን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን አጥብቀን ልናስተውለው ይገባል። ማርቆስ ወደ አምስቱ አህጉር ለስብከት ሊሄድ በተነሣ ጊዜ ለእስክንድርያ ኤጲስ ቆጶስ ይላክልኝ ብሎ ወደ ኢየሩሳሌም ወይም ወደ ሮም አልጻፈም። ያንኑ ጫማ ሰፊ፥ የከተማይቱን ሰው፥ አንያኖስን እጁን ጭኖ ኤጲስ ቆጶስ አደረገው፤ ከእርሱም ጋር 3 ቀሳውስትና 7 ዲያቆናት ሾመ። ከጥቂት ዓመት በፊት እግዚአብሔርን በስም ብቻ ያውቅ የነበረ ሰው ከወንጌላዊው ቀጥሎ በመንበሩ ተቀመጠ። ማርቆስ መንበሩን የመሠረተው በዚህ ሥርዓት ነው፤ እንግዳው ዘርቶ ያልፋል፥ የአገሩ ልጅ ያጭዳል።

ከዚህ በኋላ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ ሳለ የትንሣኤ በዓልና የጣዖቱ የሰራጲስ በዓል በአንድ ቀን ዋሉ። አሕዛብም ተቈጥተው ወንጌላዊውን ከቅዳሴው ላይ ያዙት፤ በአንገቱ ገመድ አግብተው በከተማው መንገድ ጐተቱት፤ ሌሊት አስረው አሳደሩት፤ በማግሥቱም እንዲሁ ሲጐትቱት ነፍሱን ሰጠ። ይህ የሆነው በ68 ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በየዓመቱ ሚያዝያ 30 ቀን ታስበዋለች። ሥጋውን ሊያቃጥሉት እሳት አንድደው ነበር፤ ነገር ግን ዝናምና ነፋስ መጥቶ በተናቸው፤ ምእመናንም ሥጋውን አንሥተው ቀበሩት ተብሎ ተጽፏል።

ወደ እኛ አገር ማርቆስ በእግሩ አልመጣም። ክርስትና በኢትዮጵያ በጃንደረባው ጥምቀት ተጀመረ፤ ጵጵስና ግን የመጣው ከማርቆስ መንበር ነው። የጢሮሱ ልጅ ፍሬምናጦስ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር በመርከብ ሲያልፍ ተይዞ በአክሱም ቤተ መንግሥት አደገ፤ ኋላም ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለዚህ ሕዝብ ጳጳስ ይሾምለት ብሎ ለመነ። ከማርቆስ ጀምሮ 20ኛው የሆነው ቅዱስ አትናቴዎስም ከአንተ የሚሻል ከወዴት እናገኛለን ብሎ ራሱን ፍሬምናጦስን ሾመው። እርሱም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው። እዚህም ላይ የማርቆስ ሥርዓት ታየ፤ የተሾመው ከእስክንድርያ የተላከ እንግዳ ሳይሆን በአክሱም ያደገና ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው ነበረ። ቈንስጣንዮስ የተባለው የታላቁ ቈስጠንጢኖስ ልጅ ወደ አርዮስ ወገን ባዘነበለ ጊዜ ፍሬምናጦስ ተመልሶ በአርዮሳዊው ጳጳስ እንዲመረመር ለነገሥታቱ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው በአትናቴዎስ መጽሐፍ ተጠብቆ ይገኛል፤ የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ግን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች።

በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ከሚገኙት ጥንታውያን ወንጌሎች በአንደኛው ውስጥ የዚህ ትስስር ምስክር ተሥሎ ይገኛል። ሊቃውንት የብራናውን ዕድሜ መርምረው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምዕት ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ አግኝተውታል። ሌሎቹ ወንጌላውያን ፊት ለፊት ቆመው ሲሣሉ ማርቆስ ብቻ ከጐኑ ታይቶ በመንበር ላይ ተቀምጧል። ሠዓሊው ማርቆስ ለኢትዮጵያ ምን እንደ ሆነ ዐወቀ፤ ማርቆስ የመንበር አባት ነው።

ነገር ግን ዘመን ባለፈ ቍጥር የማርቆስ ሥርዓት በሌላ ሥርዓት ተሸፈነ። በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 4 የኢትዮጵያ ሰዎች ከገዛ ሊቃውንቶቻቸው ሊቀ ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል ቃል ገብቷል፤ ቃሉም የኒቅያ ጉባኤ ነው ተብሎ ተጠቅሷል። ይህን ነገር በጊዜ መዝነን እንመልከተው። የኒቅያ ጉባኤ የተሰበሰበው በ325 ነው፤ ቅዱስ አትናቴዎስ በመንበረ ማርቆስ የተቀመጠው በ328 ነው፤ አባ ሰላማም የተሾመው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ 318ቱ ሊቃውንት በተሰበሰቡ ጊዜ በአክሱም ገና አንድ ጳጳስ አልነበረም። ያልነበረውን መንበር እንዴት ይከለክሉታል። ደግሞም ጉባኤው የደነገጋቸው ቀኖናት 20 ናቸው፤ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ከእነርሱ አንድ ስንኳ አይገኝም። ቃሉ ከብዙ ዘመን በኋላ በዐረብኛ በተሰበሰቡት ቀኖናት ገብቶ፥ በ13ኛው ምዕት ዓመት ኢብን አል አሳል ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጦ ወደ እኛ የመጣ ነው። አባቶቻችን በኒቅያ ስም ስለ መጣ አከበሩት። ይህ የትሕትናቸው ምስክር ነው፤ ነገር ግን ትሕትናቸው የሐሰትን ቃል እውነት አያደርገውም።

ይህ ሥርዓት ያመጣው ጭንቅ እንዲህ ያለ ነበር። ክህነት የሚሰጠው ጳጳሱ ብቻ ነው፤ ታቦትም የሚባርከው እርሱ ነው። ጳጳሱ ካረፈ ንጉሡ ወርቅና መልእክተኛ አዘጋጅቶ በበረሓና በባሕር ወደ ግብጽ ይልካል፤ በመካከል ያሉት የእስላም ነገሥታት መንገዱን ቢከፍቱ ይመጣል፥ ቢዘጉ ይቀራል። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ16ኛው ምዕት ዓመት በልብነ ድንግል ዘመን በመጣ ጊዜ አገሪቱ ቀድሞ 23 ዓመት ያለ ጳጳስ መቀመጧን ሰምቶ ጽፏል። እርሱ ያገኛቸው ጳጳስ ስማቸው አቡነ ማርቆስ ነበር፤ በአንድ ቀንም ከ2 ሺህ በላይ ሰዎችን ሲሾሙ አይቷል። የወንጌል ትምህርት፥ ዜማና ቅኔ በአገሩ ልጆች እጅ ሞልቶ ሳለ፥ ሊቁ ራሱ ድቍና ለመቀበል የመንገድ መከፈትን ይጠብቅ ነበር።

በዚሁ በተጉለት የሆነ ሌላ ታሪክም አለ። በግብጽ የነበረው የደብረ ምጥማቅ ገዳም በፈረሰ ጊዜ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ወሬውን ሰምተው አዘኑ፤ በተጉለትም የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ደብረ ምጥማቅ ብለው ሰየሟት። ከሰላ ድንጋይ አጠገብ ያለችው ጻድቃኔ ማርያም ያችው ናት ተብሎ በአገሩ ይነገራል። በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ታላቅ ጉባኤ ሆነ፤ በቀዳሚት ሰንበት ምክንያት ተለያይተው የነበሩት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርትና ሌሎቹ አባቶች ታረቁ። ከግብጽ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤልም በዚያ ነበሩ፤ የሁለቱ ሰንበታት መከበርም ጸና። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ኢትዮጵያ ለማርቆስ መንበር ወንድምና ልጅ ነበረች፤ በግብጽ የፈረሰውን በተጉለት ሠራችለት። ደግሞም በሃይማኖቷ ልማድ ላይ የምትመክር፥ ነገሯንም የምታስረዳ ነበረች እንጂ ዝም ብላ የምትቀበል ብቻ አልነበረችም።

አቡነ ማቴዎስን በሚመለከት ፍርዳችን የተመዛዘነ ይሁን። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወደ እስክንድርያ ልከው በ1874 ዓ.ም. አራት ጳጳሳት ባንድነት አስመጡ፤ እነርሱም አቡነ ጴጥሮስ፥ አቡነ ማቴዎስ፥ አቡነ ሉቃስና አቡነ ማርቆስ ናቸው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ብዛት ያልተለመደ ነበረ። ለሸዋ የደረሱት አቡነ ማቴዎስ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክን ቀቡ፤ በ1888 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ጋር ወደ ዓድዋ ዘመቱ፤ በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱን ዘውድ ጫኑላቸው፤ በ1919 ዓ.ም. ዐረፉ። 45 ዓመት በእንግድነት አገር አገለገሉ። በሰላ ድንጋይ ለመንበራቸው መሥራች ቤት መሥራታቸው ከአገራቸው ርቀው የአባታቸውን ስም የሚጠሩበት ቦታ ለማግኘት ይመስለናል። ለአንድ የግብጽ መነኵሴ የተጉለት ብርድ ቀላል አልነበረም። ስለዚህ የአገር ልጅ ጳጳስ ይሁን ማለት እኒህን የመሰሉ አባቶችን ማቃለል አይደለም፤ ማርቆስ ራሱ ለእስክንድርያ እንግዳ ነበርና። ልዩነቱ ማርቆስ አንያኖስን ወዲያው መሾሙ ነው።

አቡነ ማቴዎስ ካረፉ በኋላ ብዙ ምክር ተደርጎ በ1921 ዓ.ም. ከአዲሱ ሊቀ ጳጳስ ከአቡነ ቄርሎስ ጋር አራት ኢትዮጵያውያን ኤጲስ ቆጶሳት በካይሮ ተሾሙ፤ እነርሱም አቡነ አብርሃም፥ አቡነ ጴጥሮስ፥ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። በዓመቱም አቡነ ሳዊሮስ ተጨመሩ። እኒህ አባቶች ኤጲስ ቆጶስነት ተሰጣቸው እንጂ ሌላ ኤጲስ ቆጶስ የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም ነበር። ነገር ግን የአገሩ ልጅ ለመንበሩ ይበቃል ወይስ አይበቃም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ አልዘገየም። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለፋሽስት አልገዛም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ፤ አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ በሰማዕትነት ዐረፉ። ከተሾሙት ከአራቱ ሁለቱ፥ 8 ዓመት ሳይሞላ፥ በእስክንድርያ ጐዳና ደሙን ያፈሰሰውን አባታቸውን መሰሉ። ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አይፈለግም።

ጠላት በነበረበት ዘመን ቤተ ክርስቲያናችንን ከእስክንድርያ በኃይል ለይቶ የራሱን ሥርዓት ሊያቆም ሞክሯል። አባቶቻችን ግን ከነጻነት በኋላ ያንን ልዩነት እንደ ጥቅም አልያዙትም፤ የተቀማውን ትተው የሚሰጠውን ፈለጉ። ረዥም ድርድር ሆነ። በፓትርያርክ ዮሳብ ዘመን ሐምሌ 18 ቀን 1940 ዓ.ም. አምስት ኢትዮጵያውያን ተሾሙ፤ ከእነርሱም የመርሐ ቤቴው ተወላጅ እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ አቡነ ባስልዮስ ተባሉ። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ፥ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ደግሞ በካይሮ በቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል በፓትርያርክ ቄርሎስ 6ኛ እጅ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። በ1963 ዓ.ም. ተከታያቸው አቡነ ቴዎፍሎስ በገዛ አገራቸው በኢትዮጵያውያን ጳጳሳት እጅ ተሾሙ። ከአባ ሰላማ ጀምሮ ከ1600 ዓመት በኋላ አንያኖስ በቤቱ ተገኘ።

የወንጌላዊው ዐፅም ደግሞ ሌላ ጕዞ ነበረው። በ828 የቬኒስ ነጋዴዎች ከእስክንድርያ ሰርቀው ወሰዱት፤ በቬኒስም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ተሠራለት። ከ1140 ዓመት በኋላ፥ በ1960 ዓ.ም. ሰኔ፥ ከዐፅሙ ከፊሉ ወደ ግብጽ ተመለሰ፤ በካይሮ አዲሱ ካቴድራል ሲመረቅም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቦታው ተገኙ። ተመልከቱ፤ በስርቆት የሄደው ዐፅም ከ1000 ዓመት በላይ ከአገሩ ተለይቶ ኖረ፤ በእጅ የተሰጠው መንበር ግን አንድ ቀን ሳይሰበር ከእስክንድርያ እስከ ተጉለት ደረሰ።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለፓትርያርኮችና ለነገሥታት ብቻ የሚነገር አይደለም፤ የእያንዳንዱ ደብርና የእያንዳንዱ ጉባኤ ቤት ነገር ነው። የቅኔ መምህር ምሥጢሩን ለብቻው ይዞ ቢያልፍ፥ የድጓ መምህር ደቀ መዝሙሩን ገና አልበቃህም እያለ ቢያዘገየው፥ አለቃ በእርሱ ፈንታ የሚቆም ሰው ሳያዘጋጅ ቢሞት፥ በትንሹ ያንን የ23 ዓመት ባዶ ዘመን በደብሩ ያመጣል። መምህር አጥተው የተዘጉ ጉባኤ ቤቶችን ሁላችን እናውቃለን፤ በድርቅ ወይም በጦር የተዘጉት ጥቂት አይደሉም፥ ተተኪ ባለመኖሩ የተዘጉት ግን ይበልጣሉ ብንል ሐሰት አይሆንብንም። በርናባስ ከመንገድ የተመለሰውን ወጣት ታግሦ ወንጌላዊ አደረገው፤ ወንጌላዊውም ወስፌ የያዘውን ሰው ታግሦ አስተምሮ ኤጲስ ቆጶስ አደረገው። የማርቆስ ልጆች ነን የምንል ሁሉ እጃችንን የምንጭንበት ራስ ከአጠገባችን መኖሩን እንመርምር።

ሚያዝያ 30 ቀን በሰላ ድንጋይ የወንጌላዊው መታሰቢያ ሲከበር ካህናት ገድሉን ከአንያኖስ ወስፌ ጋር ቢተርኩት መልካም ነው። ከልጆቹ መካከል አንዱ ቢሰማ፥ መምህሩም ያን ልጅ ቢያየው፥ መንበሩ ገና ይቀጥላል። የወንጌላዊው የቅዱስ ማርቆስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።